ነጠላሽን ለማን ዘቀዘቅሽ?

አንዲት ሴት ነበረች። ታናሽ እህት ነበረቻት። ተኳርፈው ሳሉ ታናሺቱ ሞተች።

ሰልፉን ተወው፤ ታክሲው ሲመጣ ይመጣል። ወደ እኔ ዙር።

የጠየቅከኝ በሁለት ቃል የሚመለስ ቢሆን ኖሮ ስልክህ በመለሰልህ ነበር። «መምህር፣ ሰው ሕልም ውስጥ ሆኖ ሕልም መሆኑን ማወቅ ይችላል ይላሉ። እኔም ልማር ብዬ ጣቶቼን ስቆጥር ከረምኩ። ለምን እምቢ አለኝ?» ነው ያልከኝ። መንገዱ ልክ ነው። በሕልም ጣት አይጸናም፤ ይበዛል፣ ይረዝማል፣ እንደ ሻማ ይቀልጣል። ቀን የመቁጠር ልማድ ያለው ሰው በሕልሙም ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ሲዛባበት ተኝቶ ሳለ ይነቃል። እና አንተ ስንት ጊዜ ቆጠርክ? በክፍል ሳስተምርህም ጥያቄውን ሳልጨርስ እጅህን ታወጣ ነበር።

ስለዚህ ስለ ሴትዮዋ ልንገርህ።

*

የተኳረፉት በእናታቸው ተዝካር ቀን ነው። ወጡን የሠራችው ታናሺቱ ነበረች። እንግዳው በልቶ አልጠግብ አለ። «የእናትሽን እጅ ወርሰሻል» አሏት። አንዷ አሮጊት ሳህኗን ደጋግማ ላከች። ታላቂቱ ይህን ሁሉ ስትሰማ ቆየችና አንድ ጉርሻ ጎረሰች። ከዚያም ድንኳኑ ሙሉ እየሰማት «ጨው በዛ» አለች።

ይኸው ነው። ታናሺቱ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ተወችው። ነጠላዋን አነሣች። ወጣች።

ከዚያ በኋላ በአንድ ከተማ፣ በአንድ የታክሲ መስመር ላይ እየኖሩ ሳይነጋገሩ ቀሩ። ለቅሶ ቤት ሲገናኙ አንዷ በዚህ ጫፍ፣ ሌላዋ በዚያ ጫፍ ትቀመጣለች። በመጨረሻ ሽማግሎች ገቡ። ወቅቱ የዐቢይ ጾም ነበር፤ ሰው የሚታረቀውም በጾም ነው። ታናሺቱ እሺ አለች። ታላቂቱ ግን «እኛ በሽሮ ነው የምንታረቀው? ፋሲካ ይድረስና በግ ታርዶ፣ እንደ ሰው እንታረቃለን» አለች።

ታናሺቱ ለፋሲካ አልደረሰችም። በሕማማት ሞተች። በሕማማት ፍትሐት የለም፤ ሰው ከሰው ጋር አይሳሳምም። እንዲሁ በዝምታ ቀበሯት። በጉ ግቢ ውስጥ ታስሮ ይጮኽ ነበር።

*

ታላቂቱ ነጠላዋን ዘቀዘቀች። ሐዘንተኛ እንደሚያደርገው፣ ከታች መውረድ የነበረበት ጥለት ወደ ላይ ወጥቶ አንገቷን ከበበ።

ወጉን ታውቃለህ፤ ሐዘንተኛ ራሱን ከሐዘን አያወጣም። ሰው ይመጣል፣ «በቃሽ» ይላል፣ ነጠላዋን በገዛ እጁ ያስተካክልላታል። ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ጎረቤቶቿ መጡ። እጃቸውን ገፋች። እንደገና መጡ። እንደገና ገፋች።

«ይቺ ሴት ሐዘን ሳይሆን ነጠላ አለባበስ ነው የጠፋባት» አለች አንዷ፤ ከዚያ በኋላ የመጣ የለም።

እህቷ ግን በሕልሟ ትመጣ ነበር። ሙታን በሕልም መምጣታቸው አይደንቅም። የሚደንቀው ሁለቱ ሲገናኙ የሚያወሩት ነው። አንድ ሌሊት ምስር ሲለቅሙ ነጋባቸው። ሌላ ጊዜ ታክሲ ውስጥ ለመስኮቱ ወንበር ተጣሉ።

«ፈቀቅ በይ እታበባ፤ ያቅለሸልሸኛል።»

«አንቺ አጅሪት! ልጅ ሆነሽም እንዲሁ እያልሽ ነው ስትቀሚኝ የኖርሽው።»

«እና ላስመልስብሽ?»

ነቃች። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ደረቷን መታች። ከጎኗ ነበረች እኮ! እና ስለ ወንበር! ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል በአፏ ይዛ ትዞራለች፤ «ይቅር በይኝ» የሚል። ልትለው የምትችልበት ቦታ ስትደርስ ይጠፋባታል። ምክንያቱም እዚያ እህቷ አልሞተችም። ላልሞተ ሰው ደግሞ ማን ይቸኩላል? ሁልጊዜ ፋሲካ አለ።

*

በሰፈሩ የሕልም ነገር ያውቃሉ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሄደች።

«አባባ፣ ሕልም ይፈታሉ ሲሉ ሰምቼ ነው።»

«ሕልም የሚፈታው ለነቃ ሰው ነው። አንቺ የምትፈልጊው ምንድን ነው?»

«እዚያው ውስጥ እያለሁ ማወቅ። እህቴ አጠገቤ ሳለች ‘ይሄ ሕልም ነው፣ ሳታመልጥሽ ተናገሪ’ የሚለኝ ሰው ባገኝ።»

«የሚልሽ አይገኝም። ራስሽ ትያለሽ።»

«ይቻላል?»

«ይለመዳል።»

እንዲህ አስተማሯት። ስትነቂ አትገላበጪ፤ ዓይንሽን አትግለጪ፤ ሕልም እንደ ድመት ነው፣ ብድግ ካልሽበት ይሸሻል። በተኛሽበት ሆነሽ ጅራቱን ያዢ፤ ከመጨረሻው ጀምረሽ ወደ ኋላ ሂጂ። ሕልሙን የማያስታውስ ሰው ውስጡ ቢነቃም አያውቀውም። ስትተኚ ደግሞ ለራስሽ ንገሪ። ማልዶ መንገድ ያለበት ሰው ማንም ሳይቀሰቅሰው እንደሚነሣ ሁሉ፣ «ሕልም ላይ መሆኔን አውቃለሁ» ብለሽ ተኚ። የንጋት እንቅልፍ ቀጭን ነው፤ ያኔ ይሆንልሻል።

«ቀን ቀንስ?»

ሽማግሌው አንገቷን አዩ።

«ይህን ጥለት ሁልጊዜ እዚህ ነው የምታደርጊው?»

«እህቴ ከሞተች ወዲህ።»

«መልካም። በነካሽው ቁጥር ‘ነቅቻለሁ ወይስ ሕልም ላይ ነኝ?’ ብለሽ ጠይቂ። እህትሽ የለችም፤ ጥለቱ አንገትሽ ላይ ነው። እህትሽ አጠገብሽ ካለች ጥለቱ እዚህ ምን ይሠራል? ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው። ውሸቱን ባገኘሽ ጊዜ ነቃሽ ማለት ነው።»

*

ጀመረች። ትጉ ተማሪ ነበረች፤ እንዳንተ።

ወፍጮ ቤት ጥለቷን ትነካለች። ነቅቻለሁ። ሊፍት ውስጥ ትነካለች። ነቅቻለሁ። የመብራት ክፍያ ሰልፍ ላይ፣ የእድር ስብሰባ መካከል፣ ቲማቲም እየመረጠች። ነቅቻለሁ፣ ነቅቻለሁ፣ ነቅቻለሁ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያልፍ ወሬውን ሳያቋርጥ እንደሚያማትብ ሰው ሆነች።

«ምነው አንገትሽን? ቁንጫ ነው?» አላት ቲማቲም ሻጩ።

«ሕልም መሆን አለመሆንህን እያየሁ ነው።»

«ሕልም ብሆን በዚህ ዋጋ እሸጥልሽ ነበር?»

ሳቁ። እሷም ጥለቷን እየነካች ሄደች።

ከዚያ አንድ ቀን በሕልሟ እህቷ መጣች። እንደገና ታክሲ፤ እንደገና የመስኮቱ ወንበር። ሴትዮዋ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። ጥለቱን ነካች። ነቅቻለሁ ወይስ ሕልም ላይ ነኝ? ነቅቻለሁ። ወደ እህቷ ዞረችና «ፈቀቅ በይ ብዬሻለሁ!» አለች።

አትሳቅ። ወይም ሳቅ፤ እሷም በኋላ ስቃለች። ያን ጠዋት ግን በንዴት ልትፈነዳ ደርሳ ነው ሽማግሌው ደጅ የቆመችው።

«ጥበብዎ አልሠራም! እህቴ አጠገቤ ሆና፣ ጥለቱ እጄ ላይ ሆኖ፣ ነቅቻለሁ አልኩ!»

«ሠርቷል እንጂ» አሉ ሽማግሌው። «ቀን የምትሠሪውን ሕልምሽ ደግሞልሻል። ቀን ትጠይቂያለሽ?»

«ቀኑን ሙሉ!»

«መልሱን ትጠብቂያለሽ?»

እጇ ሳታውቀው ወደ ጥለቱ ሄደ።

«አሁን ጠይቂ። እዚሁ፣ ከእኔ ጋር። ሕልም ይሆን?»

«ኧረ አባባ፣ ነቅቻለሁ እንጂ።»

«እንዴት አወቅሽ?»

እንዴት አወቀች? ባለፈው ሌሊትም ልክ እንዲህ እርግጠኛ ነበረች። ዙሪያዋን አየች። አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ የፕላስቲክ ወንበር። ከጎረቤት የሚቁላላ ሽንኩርት ሽታ። ሬዲዮ፣ ከሬዲዮው ሥር ያንቀላፋ ውሻ። ወደ አንገቷ አጎነበሰች። የጥለቱ ጫፍ በመነካካት ብዛት ተበልቶ ክሩ ተንጠልጥሏል፤ አረንጓዴው ወደ አመድ ሄዷል። ከተዘቀዘቀ ወዲህ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። ሲነካ ከርሞ አልታየም።

እንባዋ መጣ። ሽማግሌው አልከለከሏትም።

«እንዲህ ነው የሚጠየቀው» አሉ። «በር ቆልፈሽ ከወጣሽ በኋላ ‘ቆልፌው ይሆን?’ ብለሽ ከመንገድ እንደምትመለሺው። እውነት ሳታውቂ። በቀን አንዴም ይበቃል።»

*

መነካካቱን ተወች። አንዳንዴ ብቻ፣ የሆነ ነገር ግር ሲላት፣ ትቆምና እውነት ትጠይቃለች። ይህ ይበልጥ ከባድ ነበር። እውነት ስትጠይቅ ለጥቂት ጊዜ ዓለም እግሯ ሥር ይነቃነቃል፤ እህቷም በእያንዳንዱ ጥያቄ መጨረሻ እንደገና ትሞታለች። ነቅቻለሁ ማለት የለችም ማለት ነው። ሳትጠይቅ መልስ ትሰጥ የነበረው ለካ ለዚህ ኖሯል።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ንጋት ላይ፣ በሕልሟ ጥለቷን አየች፣ ጠየቀች፣ አወቀች። «ሕልም ነው! ሕልም ነው!» ብላ ጮኸች። በጩኸቷ ነቃች። እህቷ ፊቷን ለማዞር እንኳ ጊዜ አላገኘችም።

«ደስታም እንደ ድንጋጤ ይቀሰቅሳል» አሏት ሽማግሌው። «ሲመጣልሽ አትጩኺ። እጅሽን አፋትጊ፣ ወይም የያዝሽውን ነገር አጥብቀሽ ያዢ። ረጋ በይ። እንግዳ ነሽ፤ እንግዳ ገና ከደጅ አይጮኽም።»

*

አሁን ዋናው ይመጣል። አንድ ርምጃ ቅረብ፤ ሰልፉ ተንቀሳቅሷል።

በእህቷ ማድ ቤት ነበረች። እህቷ ጀርባዋን ሰጥታ ድስት ታማስላለች። ዘወር አለችና አየቻት፤ ከላይ እስከ ታች።

«እታበባ፣ ምነው? ነጠላሽን ለማን ዘቀዘቅሽ?»

ሴትዮዋ ልትመልስ ነበር። ሕልም መልስ አያጣም፤ አፏ ላይ «ለጎረቤት ነው፣ አንድ ጎረቤት ሞቶብኝ» የሚል ተዘጋጅቶ ነበር። እንዲያውም የጎረቤቱ መልክ መምጣት ጀምሮ ነበር። ግን ቆመች። ጎንበስ ብላ አየች። የተበላው ጫፍ። የተንጠለጠለው ክር።

እውነት፣ ለማን ነው?

አላወቀችም። ሳታውቅ ጠበቀች። ከዚያም አወቀች።

አልጮኸችም። የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጣ ያዘች፤ እንጨቱ ቀዝቃዛ ነበር። ማድ ቤቱ ሊፈርስ ተወዛወዘ፤ እንደገና ረጋ። እህቷን አየቻት። ከሞተች ወዲህ ስታያት ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ሌላው ጊዜ ሁሉ ወንበሩን ነበር የምታየው። በግንባሯ ላይ ላብ አለ። አንዱ የጆሮ ጉትቻዋ የለም፤ ሁልጊዜም አንዱን ትጥል ነበር።

ይቅር በይኝ። ቃሉ ዝግጁ ነው። ስታመላልሰው ከርማ አብለጭልጮ ነበር።

እህቷ ጭልፋውን ዘረጋችላት።

«ቅመሺልኝ እስቲ። ጨው በዛ?»

ቀመሰች። ምንም ጣዕም አልነበረውም፤ ውኃ እንኳ እንዲህ አይደለም። አየር ነው። እህቷ ግን ዓይን ዓይኗን እያየች ትጠብቃለች። የተዘጋጀው ቃል ከአፏ ወረደ፤ በምትኩ ሌላ መጣ፣ ያልተዘጋጀ።

«ያን ቀንም አልበዛም ነበር» አለች።

ከዚያ ነጋ። አልተገላበጠችም። ዓይኗን አልገለጠችም። ከጭልፋው ጀምራ ወደ ኋላ ሄደች።

*

ሽማግሌው ጠየቋት።

«ይቅር አለችሽ?»

«እሷ መቼ ነበረች አባባ? ሁለቱንም የሆንኩት እኔ ነኝ። ይቅር ልትለኝ የምትችለዋን ቀብሬያታለሁ።»

«ታዲያ ምን አገኘሽ?»

«ቃሉን። ይቅር በይኝ ልላት ነበር፤ ያ ቃል ለማንም ይባላል፣ ታክሲ ውስጥ እግሩን ለረገጡት ሰው ይባላል። የኔ ዕዳ እሱ አልነበረም።»

«የት ትከፍይዋለሽ?»

«ያጠፋሁበት።»

የእህቷ ሙት ዓመት ደረሰ። ድንኳን ተጣለ። በእናታቸው ተዝካር ላይ የነበረው ሰው ብዙው እዚያ ነበር። ወጡን ታወጣ የነበረችው የታናሺቱ ልጅ ናት፤ ለአክስቷ ሰላምታ የማትሰጥ። እንግዳው መብላት ሲጀምር ሴትዮዋ ተነሥታ ቆመች፤ ጥለቷ አንገቷ ላይ። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«በእናታችን ተዝካር ጊዜ የእህቴ ወጥ ጨው በዝቶታል ብዬ ነበር» አለች። «አልበዛበትም። ስታመሰግኗት ቀናሁ። ዋሸሁ።»

ከወደ ጥግ ያቺ ሳህኗን ደጋግማ የላከች አሮጊት ድምፅ መጣ።

«ኧረ እኛማ ያኔም በልተን አውቀነዋል! የበዛ መስሎሽ ነው ድስቱን ጠርገን የሄድነው?»

ሳቅ ሆነ። በሙት ዓመት ድንኳን፣ እንባ የተቀላቀለበት ሳቅ። በሳቁ መካከል የታናሺቱ ልጅ ጭልፋዋን አስቀመጠች። መጣች። አክስቷ ፊት ቆመች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አነሣችላት፤ ገለበጠችው፤ ጥለቱ ወደ ታች እንዲወርድ አድርጋ መልሳ አለበሰቻት።

ሴትዮዋ እጇን አልገፋችም።

*

እንግዲህ አንተ።

ስነግርህ እጅህን ከኪስህ አውጥተህ ስትቆጥር አይቼሃለሁ። ሁለት ጊዜ። ስንት ሆኑ? ዐሥር። ከመቁጠርህ በፊትስ ስንት ነበሩ? ዐሥር። ጣቶችህ የሴትዮዋ ጥለት ናቸው፤ ትነካቸዋለህ እንጂ አታያቸውም። ቀን ሳታይ «ነቅቻለሁ» የምትል ከሆነ ሌሊት ማን እንዲያይልህ ትፈልጋለህ? ሕልምህ አንተን እየመሰለ ነው የሚመጣው። ሌሊት ለመንቃት የተለየ ምሥጢር የለም። ቀን መንቃት ነው፤ እሱ ደግሞ ትንሽ ያማል። እውነት የጠየቀ ሰው የማይፈልገውንም መልስ ሊሰማ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር። «ሲሳካልህ ምን ልታደርግ ነው?» ስልህ «መብረር» አልከኝ። ክፉ አይደለም፤ ብረር። ግን ከላይ ሆነህ አንድ ቤት ፈልገህ እንደምትወርድ ይመስለኛል። የማን ቤት እንደሆነ አልጠይቅህም። ፊትህን አየሁ፤ ይበቃኛል። ያ ሰው በሕይወት ካለ ሕልሙን አትጠብቅ፤ ፋሲካንም አትጠብቅ።

ታክሲው መጣ። ግፊያው ይለፍ፤ ቀጣዩ ይደርሰናል። እጅህን አውጣ። አሁን ቁጠር፤ ስንት እንደሆኑ የማታውቅ ሆነህ።

ቀስ በል። ገና አንዱን አላየኸውም።